ኳስ ጌሙ፣ የሪያድ ገንዘብና የልጆቻችን ኪስ

መስከረም 19 ቀን 2018 (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 29 ቀን 2025) ከአሜሪካ አንድ ትልቅ የሽያጭ ዜና ተሰማ። ኤሌክትሮኒክ አርትስ፣ በአጭሩ ‹ኢኤ› የሚባለው የቪዲዮ ጌም አምራች በ55 ቢሊዮን ዶላር ሊሸጥ ስምምነት ላይ መደረሱ ተገለጸ። ከገዢዎቹ ፊት የቆመው የሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ ነው። ሲልቨር ሌክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያና ጃሬድ ኩሽነር ያቋቋመው አፊኒቲ ፓርትነርስ አብረውት አሉ።

ዜናው የባለሀብቶች ወሬ መስሎ ሊያልፈን ይችላል። ነገር ግን ኢኤ ማለት ‹ፊፋ› እያልን የምናውቀውን የኳስ ጌም የሚሠራው ኩባንያ ነው። ከዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ጋር የነበረው ውል በማብቃቱ ጌሙ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ‹ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ› በሚል ስም ቢወጣም፣ አዲስ አበባም ሆነ ደሴ፣ ጅማም ሆነ ሐረር ጌም ቤት የገባ ልጅ ዛሬም ‹ፊፋ እንጫወት› ነው የሚለው። በጅዳና በሪያድ፣ በዋሽንግተንና በለንደን የሚኖሩ የወንድምና እህቶቻችን ልጆችም ከመድረሳ መልስ የሚቀመጡት እዚሁ ጌም ፊት ነው። እንግዲህ ዜናው ሳሎናችን ውስጥ ያለ ነገር ዜና ነው።

ሳዑዲ ወደዚህ ገበያ የገባችው በአንድ ጀንበር አይደለም። ፈንዱ ሙሉ በሙሉ የያዘው ‹ሳቪ ጌምስ› የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ሁለት የውድድር አዘጋጅ ድርጅቶችን በ1.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2023 ደግሞ ‹ስኮፕሊ› የተባለውን የሞባይል ጌም አምራች በ4.9 ቢሊዮን ዶላር ገዝቷል። በ2024 ክረምት ሪያድ የመጀመሪያውን የኤሌክትሮኒክ ስፖርት የዓለም ዋንጫ ስታስተናግድ ለሽልማት የተመደበው ገንዘብ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ትናንት ‹ከውጭ የመጣብን ፈተና› እያልን የምንከሰው ኢንዱስትሪ ዛሬ ከትልልቅ ባለድርሻዎቹ አንዱ የሙስሊም አገር ገንዘብ ሆኗል።

ታዲያ ይህ ለአንድ ሙስሊም ወላጅ ምን ማለት ነው? በየመስጂዱና በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚሰማው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቃል ያልቃል። ከፊሉ ‹ጌም ሐራም ነው› ብሎ ይዘጋዋል፤ ከፊሉ ‹ጨዋታ እኮ ነው፣ ምን ችግር አለው?› ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም መልሶች ወላጁን አይረዱትም። ምክንያቱም ዛሬ ‹ጌም› የሚለው አንድ ቃል ብዙ የተለያዩ ነገሮችን ይዟል፤ ጨዋታ አለ፣ ግዢ አለ፣ ዕጣ አለ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ወሬ አለ። እያንዳንዱ ለየብቻው መታየት አለበት።

ጨዋታው ራሱ

ከጨዋታው እንጀምር። እኛ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች በዚህ ጉዳይ ልንኮራበት የሚገባ ታሪክ አለን። በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባዎች እንደሚታወቀው በዒድ ቀን ሐበሾች በመዲና በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ ጦርና ጋሻ ይዘው ይጫወቱ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልከለከሏቸውም፤ እንዲያውም እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከትከሻቸው ኋላ ሆና እስክትጠግብ ድረስ እንድትመለከት ቆመውላታል። ዑመር (ረ.ዐ) ሊያስቆሟቸው ሲሉም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተዋቸው ብለዋል። ጨዋታን በጨዋታነቱ ብቻ የሚኮንን ሰው ይህን ታሪክ ሊያስታውስ ይገባል።

ዑለማዎችም ስለ ጨዋታ ሲናገሩ አብረውት የሚመጡትን ነገሮች መርምረዋል። ቼዝ ጥሩ ምሳሌ ነው። አብዛኞቹ የሌሎች መዝሀብ ዑለማ ጠበቅ ያለ አቋም ሲይዙ፣ በሻፊዒያ መዝሀብ የታወቀው አቋም ግን የተጠላ ነው እንጂ ሐራም አይደለም የሚል ነው፤ ይህም ገንዘብ እስካልተያዘበትና ሶላት እስካላሳለፈ ድረስ ነው። እነዚህ ሁለት መስፈርቶች፣ ገንዘብና ሶላት፣ የዛሬውን ጌም ለመመዘንም ያገለግሉናል።

‹ፓክ› ምንድን ነው?

ኳስ ጌሙ ውስጥ ‹አልቲሜት ቲም› የሚባል ክፍል አለ። ተጫዋቹ የራሱን ቡድን የሚገነባው የኳስ ተጫዋቾችን ምስል በያዙ ካርዶች ነው። ካርዶቹ የሚገኙት ደግሞ ‹ፓክ› ከሚባል የታሸገ ጥቅል ነው። ፓኩን በጨዋታ ባጠራቀሙት ሳንቲም መግዛት ይቻላል፤ ጊዜ ለሌለው ወይም ለቸኮለ ደግሞ በእውነተኛ ገንዘብ የሚገዛ ነጥብ አለ። ሲከፈት ውስጡ እምባፔም ሊወጣ ይችላል፣ ማንም የማያውቀው ተከላካይም ሊወጣ ይችላል። ኩባንያው ዕድሉን በመቶኛ ያሳያል፤ ለምርጥ ካርዶቹ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ‹ከ1 በመቶ በታች› የሚል ነው።

ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በማርች 2021 በተዘጋው የበጀት ዓመት ኢኤ በስፖርት ጌሞቹ ካለው ከዚህ ክፍል ብቻ 1.62 ቢሊዮን ዶላር አስገብቷል። ከዓመቱ ጠቅላላ ገቢ 29 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ጌሙን አንዴ መሸጥ የንግዱ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ መሆኑ ቀርቷል።

ነገሩን በሰፈራችን ቋንቋ እንየው። ልጅ ሳለን ብይ ስንጫወት ትልልቆቹ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነበር፤ ‹በመብላት ነው ወይስ በዝም ብሎ?› በመብላት ከሆነ ‹ቁማር ነው፣ ተዉ!› ይሉናል። የሚከለክሉን ብዩን ሳይሆን አንዱ ሲያተርፍ ሌላው የሚከስርበትን ዕድል ነበር። ቶምቦላ የሚቆርጥ ሰውም የሚከፍለው እርግጠኛ፣ የሚያገኘው ግን ያልታወቀ ነው። ፓኩ ላይ ያለው ጥያቄ ይኸው ነው። ልጁ የሚከፍለው ብር እርግጠኛ ነው፤ የሚያገኘውን ግን እስኪከፍተው አያውቅም፤ የሚከፍለውም ያልታወቀውን ብርቅ ካርድ ተስፋ አድርጎ ነው። በሱረቱል ማኢዳ ከአስካሪ መጠጥ ጋር አብሮ የተከለከለው መይሲርና በሸሪዓ የንግድ ሕግ የታወቀው ገረር፣ ማለትም ያልታወቀ ነገርን መሸጥ፣ ሁለቱም እዚህ ይነሳሉ።

በሌላ ወገን የሚቀርበውን መከራከሪያም በቅንነት እናቅርበው። ኩባንያዎቹ ‹ባዶ ፓክ የለም፣ ሁሌም የሆነ ካርድ ይወጣል፤ ካርዱንም ወደ ገንዘብ መመለስ ስለማይፈቀድ ቁማር አይደለም› ይላሉ። የአገራት ሕግም በዚህ ተከፋፍሏል። የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 በገንዘብ የሚገዙ እንዲህ ያሉ የዕድል ጥቅሎችን ከቁማር መድቧቸዋል፤ ኢኤም በጃንዋሪ 2019 መጨረሻ በዚያ አገር የነጥብ ሽያጩን አቁሟል። በኔዘርላንድስ ግን ተቆጣጣሪው እስከ 10 ሚሊዮን ዩሮ የሚደርስ ቅጣት ቢጥልም፣ በማርች 2022 የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ሽሮታል። ምክንያቱም ፓኩ የትልቁ ጨዋታ አካል እንጂ ራሱን የቻለ የዕድል ጨዋታ አይደለም የሚል ነበር።

ለሙስሊም ግን የፍርድ ቤት ትርጉም የመጨረሻው ቃል አይደለም። ‹ወደ ገንዘብ አይመለስም› የሚለው መከራከሪያ ልጁን ከኪሳራ አያድነውም፤ እንዲያውም የከፈለው ገንዘብ ሁሉ መልሶ የማያገኘው መሆኑን ነው የሚነግረን። ጥናቶችም ለእነዚህ ጥቅሎች ብዙ ገንዘብ በማውጣትና በቁማር ችግር መካከል ዝምድና እንዳለ ደጋግመው አግኝተዋል። የትኛው የትኛውን እንደሚያስከትል ቢያከራክርም፣ የውርርድ ቤት በየመንደሩ በተከፈተበት አገር ላለ ወላጅ ዝምድናው ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ዝርዝር ፍርዱ የዑለማዎቻችን ነው። ከእኛ የሚጠበቀው ጥያቄውን በትክክል ማቅረብ ነው፤ ‹ኡስታዝ፣ ጌም ይፈቀዳል?› ሳይሆን ‹ኡስታዝ፣ ምን እንደሚወጣው ያልታወቀ ጥቅል በገንዘብ መግዛት ይፈቀዳል?› ብለን እንጠይቅ።

ተሸናፊ ይከፍላል

ሩቅ ያለውን ኩባንያ ስንወቅስ ቅርብ ያለውን እንዳንረሳ። በብዙ ጌም ቤቶች፣ ከዚያም በፊት በጆተኒና በፑል ቤቶች፣ የተለመደ ደንብ አለ፤ ተሸናፊ ይከፍላል። ሁለት ጓደኛሞች ይቀመጣሉ፣ ያሸነፈው በነጻ ተጫውቶ ይነሳል፣ የተሸነፈው የሁለቱንም ሒሳብ ይዘጋል። ገንዘቡ ትንሽ ስለሆነ ማንም ቁማር ብሎ አይጠራውም። ሆኖም ከሁለቱም ወገን ገንዘብ ለአደጋ የሚጋለጥበትንና ዕዳው በውጤት የሚወሰንበትን እንዲህ ያለ ስምምነት ብዙ ዑለማ ከቁማር ይመድቡታል።

መፍትሔው ቤቱን መዝጋት ላይሆን ይችላል። ጌም ቤቱ ዕቃውንና ጊዜውን እያከራየ ነው፤ ኪራይ ደግሞ የታወቀ የንግድ ዓይነት ነው። ሁለቱ ልጆች ከመጀመራቸው በፊት ሒሳቡን እኩል ቢካፈሉ የውርርዱ ጉዳይ ይነሳል። ሙስሊም የሆኑ የጌም ቤት ባለቤቶች ‹እዚህ ቤት ሁሉም የራሱን ይከፍላል› የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ ቢለጥፉ ምንም አይጎዱም። የሚያገኙት ገንዘብ ያው ነው።

ከላይ ደረቅ፣ ከታች እርጥብ

ሌላው ጉዳይ የሸቀጡ ጥራት ነው። በዲሴምበር 10 ቀን 2020 ‹ሳይበርፓንክ 2077› የተባለው፣ በፖላንዱ ሲዲ ፕሮጀክት የተሠራው ጌም ለዓመታት ሲጠበቅ ቆይቶ ወጣ። በኃይለኛ ኮምፒውተር ለሚጫወቱት ደህና ነበር፤ በፕሌይስቴሽን 4 ግን ይቆራረጣል፣ ይዘጋል፣ ሰዎችና መኪኖች ከቦታቸው ይጠፋሉ። ከመውጣቱ በፊት ለገምጋሚዎች የተሰጠው የኮምፒውተሩ ቅጂ ብቻ ስለነበር ገዢዎች ይህን አላወቁም። ሶኒ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጌሙን ከመደብሩ አንስቶ ገንዘብ መመለስ ጀመረ፤ ወደ መደብሩ የተመለሰው በጁን 2021 ነው። የኩባንያው ኃላፊዎችም በይፋ ይቅርታ ጠይቀዋል።

ይህን ታሪክ የሚሰማ ሙስሊም የመዲናን ገበያ ያስታውሳል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከታች እርጥብ ሆኖ ባገኙት ጊዜ፣ ነጋዴው እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ባለማድረጉ ገሥጸውታል። ደረቁን ለገምጋሚ ማሳየት፣ እርጥቡን ለገዢ ማስረከብ የዛሬው ፈጠራ አይደለም። ፊቅህ ለዚህ ‹ኺያሩል ዐይብ› የሚባል መብት ሰጥቶናል፤ ከሽያጩ በፊት የነበረ ነውር በዕቃው ላይ ያገኘ ገዢ የመመለስ መብት አለው።

ዛሬ ጌሞች ጎደሎ ሆነው ወጥተው ‹በኋላ በኢንተርኔት ይስተካከላል› መባሉ የተለመደ ሆኗል። ይህ ልማድ በእኛ አገር ተጫዋች ላይ እጥፍ ይከብዳል። ማስተካከያው በብዙ ጊጋባይት የሚቆጠር ሲሆን ጥቅል የሚገዛ ሰው ከጌሙ ዋጋ ሌላ ለኢንተርኔትም ገንዘብ ያወጣል። ስለዚህ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ‹አዲሱን ጌም አምጣልን› ከማለት በፊት ሁለትና ሦስት ወር መጠበቅ ብልህነት ነው። ስህተቱ ይታረማል፣ ዋጋውም ይወርዳል።

ካርዱ፣ መነጽሩና አዛኑ

በውጭ ለሚኖሩ ወላጆች ትልቁ ቀዳዳ የባንክ ካርዱ ነው። አንዴ ቁጥሩ ከገባ ይቀመጣል፤ ከዚያ ልጁ በአንድ ቁልፍ ይገዛል። ‹ፎርትናይት›ን የሚሠራው ኤፒክ ጌምስ በዲሴምበር 2022 ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር በ520 ሚሊዮን ዶላር የተስማማው በዚህና በመሰል ጉዳዮች ነው። 245 ሚሊዮኑ ሳያስቡት እንዲገዙ ለተደረጉ ደንበኞች ተመላሽ የተመደበ ሲሆን፣ 275 ሚሊዮኑ ከልጆች የግል መረጃ ጋር የተያያዘ ቅጣት ነው። ልጆች ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር በድምፅ የሚገናኙበት መንገድ ከመጀመሪያው ክፍት ሆኖ መቅረቡም ከክሱ አንዱ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ማታ ሁለት ነገር እናድርግ። ካርዱን ከመሣሪያው ላይ እናጥፋ፤ የድምፅ መስመሩን እንዝጋ።

ቤተሰብ ሰብሰብ ብሎ የሚጫወትበት የምናባዊ እውነታ መነጽርም እየገባ ነው። መልካም ጎን አለው፤ አባትና ልጅ ሳሎን ውስጥ እየተነሱና እየተቀመጡ አብረው ይስቃሉ። ሆኖም መነጽሩን ያጠለቀው ልጅ ምን እያየ፣ ማን እያናገረው እንደሆነ አጠገቡ የተቀመጠችው እናት አታውቅም። ሜታ የመነጽሮቹን የዕድሜ ገደብ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ13 ወደ 10 ዓመት ዝቅ ሲያደርግ፣ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 12 የሆኑት በወላጅ ቁጥጥር ሥር ያለ አካውንት እንዲኖራቸው አድርጓል። ወላጁ ካልተቆጣጠረ ግን ቁጥጥሩ ስም ብቻ ነው። ምስሉን ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ ሁሉም እንዲያየው ማድረግ ቀላሉ ጥበቃ ነው።

ሶላትን በተመለከተ ደግሞ ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው ካለማወቅ ነው። በኢንተርኔት የሚካሄድ ጨዋታ እንደ ቪዲዮ አይቆምም። ልጁ ‹አሁን አልችልም› ሲል ሁልጊዜ እያመፀ አይደለም፤ ቢወጣ ይሸነፋል፣ የቡድን ጓደኞቹንም ይጥላል። መፍትሔው አዛን ሲል መጮህ ሳይሆን ከአዛን በፊት ማስላት ነው። አንድ የኳስ ግጥሚያ ሩብ ሰዓት ገደማ፣ እንደ ‹ፐብጂ› ያለው ደግሞ እስከ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። ‹መግሪብ ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ቀርቷል፣ አዲስ እንዳትጀምር› የሚል ወላጅ ልጁ ሶላትን እንደ ጠላት እንዳያይ ያደርጋል። ከልክ ያለፈውንም ከሌላው እንለይ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባለው የበሽታዎች ዝርዝሩ የጌም ሱስን ሲያካትት፣ ጨዋታው ትምህርትን፣ ቤተሰብንና ማኅበራዊ ሕይወትን በግልጽ እየጎዳ ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ለ12 ወራት መቆየቱን እንደ መለኪያ አስቀምጧል። ለረመዳን ዕረፍት ሦስት ቀን ያመሸ ልጅ ሁሉ በሽተኛ አይደለም።

ድምፃችን ይሰማል?

‹እኛ ብንናገር ማን ይሰማናል?› የሚሉ አሉ። ታሪኩ ሌላ ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ‹ኮል ኦፍ ዱቲ ቫንጋርድ› በተባለው ጌም ውስጥ የቁርኣን ገጾች መሬት ላይ ወድቀው መታየታቸውን ሙስሊም ተጫዋቾች ሲያጋልጡ፣ አክቲቪዥን ምስሉን አንስቶ ይቅርታ ጠይቋል። በጁን 2020 ደግሞ ‹ፐብጂ ሞባይል› ላይ ተጫዋቹ ለጣዖት ሲሰግድ የሚያሳየው ክፍል ከባሕረ ሰላጤው አገራት ተቃውሞ ሲነሳበት ተወግዷል። ሁለቱም የተገኙት ጌሙን ከሚያውቁ ወጣቶች ነው። ልጁን ከጌም ሙሉ በሙሉ የለየ ቤት እንዲህ ያለውን ነገር የሚያይለት ዓይን አይኖረውም።

ለቅዱሳት ነገሮቻችን የተነሳው ድምፅ ግን ለልጆቻችን ኪስ እስካሁን አልተነሳም። አሁን ደግሞ የምንናገረው ለሙስሊም ባለሀብት ነው። እዚህ ላይ የግዢው አወቃቀር ሊያሳስበን ይገባል። ከ55 ቢሊዮኑ ውስጥ 20 ቢሊዮን ዶላሩ ከባንክ የሚመጣ ዕዳ ነው። እንዲህ ያለ ዕዳ የተሸከመ ኩባንያ ገቢውን ለማብዛት ይገፋፋል፤ ለመጭመቅ ቀላሉ በር ደግሞ ፓኩ ነው። አደጋው እዚህ ላይ ነው።

ያለ ፓክ ሽያጭ ጌሙ ይሞታል የሚል ካለ ቤልጂየምን ይመልከት። እዚያ ነጥብ በገንዘብ መሸጥ ከቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ ጌሙ ግን ይሸጣል፣ ይጫወቱታል፣ ካርዱንም በጨዋታ ያገኙታል። ኩባንያው ራሱም እ.ኤ.አ. በ2021 ከመክፈል በፊት ውስጡ የሚታይ ፓክ አቅርቦ ነበር። ሌላ መንገድ እንዳለ የታወቀ ነው። ለቤልጂየም ልጅ የተደረገው ጥንቃቄ ለጅዳ፣ ለኢስታንቡል፣ ለአዲስ አበባ ልጅ የማይደረግበት ምክንያት የለም። ሁለቱን የተከበሩ መስጂዶች የምታገለግል አገር ገንዘብ ከገባበት ኩባንያ ይህን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በባሕረ ሰላጤው ያሉ ዑለማዎችና ወላጆችም ቀዳሚዎቹ ጠያቂዎች ሊሆኑ ይገባል።

እኛ ደግሞ ከመጠየቅ ባሻገር መሥራትም እንችላለን። ‹ቀነ ጌምስ› የተባሉት የአገራችን ወጣቶች ገበጣን ወደ ስልክ ጌም ለውጠው አሳይተዋል። ገበጣ ጠጠር መቁጠርና ማሰብ እንጂ ዕጣ የለበትም። በየመድረሳው ኮምፒውተር የሚወዱ ልጆች አሉን። ‹ተው፣ ዝጋ› ከሚለው ቃል ጎን ‹አንተስ ምን ትሠራ ነበር?› የሚል ጥያቄ ቢሰሙ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለ ሌሎች ጌም ብቻ ስናወራ አንቀርም፣ ኢንሻአላህ።

እስከዚያው ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ዛሬ ማታ ልጃችን አጠገብ እንቀመጥ፣ መቆጣጠሪያውን እንያዝ፣ አንድ ግጥሚያ እንሸነፍለት። ከዚያ ፓኩን እንዲያሳየን እንጠይቀው፤ ስንት እንደሚከፈልበትና ምን እንደሚወጣው እርሱ ራሱ ያስረዳን። ሲያስረዳን የቁማሩን ነገር እኛ ሳንነግረው ራሱ ሊደርስበት ይችላል።

ወላሁ አዕለም።